የባሕር ዳሩ የረቡዕና የቅዳሜ ምሳ፦ የአንድ የአገልግሎት ክበብ ማዕድ ሲመዘን

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በባሕር ዳር ከተማ አንድ የማኅበረሰብ አገልግሎት ክበብ ረቡዕና ቅዳሜ ለተቸገሩ ሰዎች የሚያቀርበውን ነፃ ምሳ፣ እንዲሁም ከቤት መውጣት ለማይችሉ አቅመ ደካሞች በየወሩ የሚያድለውን ደረቅ ስንቅ ነው። ክበቡን በስም አልጠራውም፤ የማነሣቸው ጉድለቶች በእርሱ ብቻ የሚታዩ አይደሉም፣ አባላቱም ያለ ደመወዝ የሚደክሙ ሰዎች ናቸው። የምጽፈው ለእንዲህ ዓይነቱ ክበብ ወርኃዊ መዋጮ ለመስጠት የሚያስብ ሰው ገንዘቡ በመጨረሻ ምን ዓይነት ምሳ ሆኖ እንደሚቀርብ እንዲያውቅ ነው። እኔም መዋጮ ከፋይ ነኝ፤ ሲመቸኝ በማደል እሳተፋለሁ፤ ከተመጋቢዎቹም ጋር በአንድ አግዳሚ ተቀምጬ በልቻለሁ።

ለችግረኛ የተሰጠ ምግብ ጣዕሙ ይወራበታል ወይ የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ የማስበው በተቃራኒው ነው። ሽሮው ጨው ቢያጣ ወይም እንጀራው ሻጋታ ሻጋታ ቢል፣ ምግብ ቤት የገባ ደንበኛ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣና ዳግመኛ አይመለስም፤ ሌላ ምሳ የሌለው ሰው ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይበላል፤ ምስጋናውም ስለ ወጡ ጥራት ምንም አይነግረንም። ስለዚህ መምረጥ በማይችል ሰው ፊት የሚቀርብ ምግብ ከማንኛውም ሆቴል ምግብ ይበልጥ ጠያቂ ያስፈልገዋል።

የአገልግሎት ክበብ የሚባለው የአደረጃጀት ዓይነት ከውጭ የመጣ ነው። ሮታሪ በ1905 እ.ኤ.አ.፣ ላየንስ ደግሞ በ1917 እ.ኤ.አ. ሁለቱም በአሜሪካዋ ቺካጎ ከተማ የተመሠረቱ ሲሆን፣ ላየንስ ረሃብን ማቃለልን ከዓለም አቀፍ ዓላማዎቹ እንደ አንዱ ይቆጥረዋል። ሐኪሙ፣ ነጋዴው፣ መምህሩና መሐንዲሱ በየጊዜው እየተሰበሰቡ ሙያቸውንና ኪሳቸውን ለከተማቸው ችግር ያውላሉ። ይሁን እንጂ በእኛ አገር እንዲህ ያለው ክበብ ባዶ ሜዳ ላይ አልተተከለም፤ ሰንበቴውና የጽዋ ማኅበሩ ነዳያንን ሲያበሉ፣ እድሩም ሐዘንተኛን ሲያስተዛዝን ኖረዋል። የምገመግመው ክበብ ብልህነቱ የታየው እነዚህን ነባር ማኅበራት ለመተካት አለመሞከሩ ላይ ነው። ሰታቴው፣ ሳህኑ፣ ጭልፋው፣ አግዳሚ ወንበሩና ድንኳኑ ከሰፈሩ እድር በውሰት የሚመጣ ነው። ለቅሶ በሌለበት ሰሞን ይህ ሁሉ ዕቃ በመጋዘን ተቆልፎ የሚከርም በመሆኑ፣ ክበቡ ለድስት መግዣ የሚያወጣውን ገንዘብ ለእህል አውሎታል። ጣጣው ለቅሶና የምሳው ቀን የተገጣጠሙ እንደሆነ ነው፤ ያን ጊዜ ቅድሚያው የሐዘንተኛው ስለሚሆን ምሳው ይዘገያል፤ ተመጋቢውም ምክንያቱን ስለሚያውቅ ብዙም አያጉረመርም።

ወደ ማዕዱ ልግባ። በአብዛኛው የሚቀርበው እንጀራ በሽሮ ሲሆን፣ ከጎኑ ጎመን ወይም ጥቅል ጎመን በድንች ይኖረዋል፤ አልፎ አልፎ ሽሮው በምስር ወጥ ወይም በክክ ይተካል። እንጀራው ጤፍ ብቻ አይደለም፤ ከፎገራ የሚመጣ ሩዝ ተደባልቆበታል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ በደርግ ዘመን ወደ ፎገራ ሜዳ የገባው ሩዝ ዛሬ በባሕር ዳርና በዙሪያዋ ባሉ ብዙ ቤቶች ከጤፍ ጋር ተቦክቶ የሚጋገር ሆኗል። የሩዝ ቅይጥ እንጀራ ነጣ ይላል፣ ትኩስ ሳለም ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከጤፉ ቀድሞ ይደርቃል፣ ሲጠቀለልም ይሰነጠቃል። ጠዋት ተጋግሮ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ለሚበላ ሰው ችግሩ አይታወቅም፤ ቋጥሮ ለራት ወደ ቤት ለሚወስደው ግን ይታወቃል። በብረት ማዕድን በኩልም ሩዝ ከጤፍ ጋር የሚስተካከል ባለመሆኑ፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች በሚታደለው ደረቅ ስንቅ ውስጥ የጤፉ ድርሻ ከፍ ቢል እመርጣለሁ። በጎጃም ያለ ክበብ ዳጉሳን መርሳቱም ይገርመኛል፤ ዋጋው ከጤፍ ይቀላል፣ ሳይነቅዝም ብዙ ጊዜ ይቀመጣል።

ሽሮው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለኔ የግምገማው ዋና ጉዳይ እርሱ ነውና። ጣዕሙ ጥሩ ነው፤ ቀይ ሽንኩርቱ በደንብ ቁሌት ሆኗል፣ በርበሬው አይለበልብም፣ ዘይቱም አልተሰሰተበትም። እኔን ያሳሰበኝ ዱቄቱ የሚገዛበት መንገድ ነው። ክበቡ ተፈጭቶ የተዘጋጀ ሽሮ ከገበያ ይገዛል። በጣና ዙሪያ፣ በተለይም በፎገራና በደምቢያ ዋልካ መሬት ላይ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በቀረው የመሬት እርጥበት ጓያ በብዛት ይበቅላል። ጓያ ርካሽ ነው፣ ድርቅም ይቋቋማል፤ ሽሮ ውስጥ ሲደባለቅም በዓይን አይለይም። በውስጡ ያለው መርዝ ግን ሰው ለወራት ዋና ምግቡ ሲያደርገው እግርን ያልፈሰፍሳል፤ ሽባነቱም አይመለስም። አገራችን እህል በጠፋባቸው ዓመታት በዚህ ምክንያት በጉብዝናቸው ምርኩዝ የያዙ ሰዎችን አይታለች።

በሳምንት ሁለት ቀን የሚበላ፣ ጥቂት ጓያ የገባበት ሽሮ ብቻውን ማንንም ሽባ አያደርግም፤ ሰውን ማስደንገጥ አልፈልግም። ነገር ግን ወደዚህ ማዕድ የሚመጣው ሰው ቤቱ ውስጥ የሚበላው ምን እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። ገበያ ላይ ርካሹን የሚገዛ ድኻ በቤቱም የሚቀምሰው ጓያ ሊሆን ስለሚችል፣ የክበቡ ማዕድ በዚያው ላይ ሌላ ጓያ መጨመር የለበትም። መፍትሔውም ከባድ አይደለም፤ ሽምብራውን፣ አተሩን ወይም ባቄላውን በእህልነቱ ገዝቶ፣ አስለቅሞና አስቆልቶ፣ በሚታወቅ ወፍጮ ቤት ማስፈጨት ነው። ይህንን ለወጥ ቤቱ ኃላፊ ባነሣሁበት ጊዜ፣ «እትዬ፣ ለቀማውን ማን ይሠራዋል?» የሚል መልስ አገኘሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ቅዳሜ ጠዋት ድንች ለመላጥ ከሚያስፈልገው በላይ የሚሰበሰበው ወጣት ግማሹ እህል ቢለቅም ምን ይጎድልበታል?

ጣና አጠገብ ሆኖ ዓሣ የማይቀርብበት ማዕድ መሆኑን እንግዶች ሲያነሡ ሰምቻለሁ። ቆሮሶውም አምባዛውም ዛሬ ለድኻ ማዕድ የሚሆን ዋጋ የላቸውም፤ በዚህ ክበቡን አልወቅስም። የረቡዕና የቅዳሜው ማዕድ ሁልጊዜ የጾም ምግብ መሆኑ ደግሞ፣ አባላቱ በዋጋ ምክንያት የጀመሩት ቢሆንም፣ ከውሳኔዎቻቸው ሁሉ የተሻለው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሥጋ ቢኖር የማን ባራኪ አረደው የሚለው ጉዳይ ሰውን በሁለት ድንኳን ይከፍለው ነበር። ሽሮና ጎመን ግን ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም በአንድ አግዳሚ ያስቀምጣሉ፤ በእንጀራና በጥራጥሬ መጣመርም ሰውነት የሚፈልገው የገንቢ ምግብ ድርሻ ሳይጎድል ይገኛል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ እንከን አለ፤ እርሱም ሰዓቱ ነው። ረቡዕ የጾም ቀን ነው። በዕድሜ የገፉት እናቶችና አባቶች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የሚቀርበውን ምሳ አይቀምሱትም። አንዲት እናት ሳህኑ ሲቀርብላቸው፣ «ልጄ፣ ጾም ነኝ፤ ቋጥሪልኝ» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የምታድለው ወጣት ግን «እማማ፣ ዕቃ የለንም» ከማለት ሌላ ልታደርግ የምትችለው አልነበረም። በረመዳንም ሙስሊሞቹ ተመጋቢዎች ተመሳሳይ ችግር ይገጥማቸዋል፤ ለአፍጥር የሚሆናቸውን ይዘው መሄድ ይፈልጋሉ። ክበቡ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሰዎች ክዳን ያለው ዕቃ ከቤታቸው ይዘው እንዲመጡ መፍቀዱ ጥሩ ነው፤ ግን ይህ ቤት ላለው ሰው የሚሠራ መፍትሔ ነው። ለጎዳና ተዳዳሪው ዕቃው ከክበቡ መምጣት አለበት። ወይም የረቡዑን ምሳ ወደ ሐሙስ ማዛወር ይቻላል፤ ከሁለቱ ይኸኛው ይቀላል ብዬ አምናለሁ።

ተመጋቢዎቹ እነማን ናቸው? ሰው በአብዛኛው የሚጠብቀው የኔ ቢጤዎችን ነው፤ እነርሱም አሉ። ግን በወረፋው ላይ በብዛት የማየው ሥራ ያላገኘ የቀን ሠራተኛ፣ ሊስትሮ የሚሠራ ልጅ፣ ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡ እናቶች፣ እንዲሁም አስታማሚዎችን ነው። አስታማሚዎቹን በተለይ አነሣለሁ። በፈለገ ሕይወትና በጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የሚታከሙ ብዙ ሕሙማን ከሩቅ ወረዳ የሚመጡ ናቸው፤ አብሮ የመጣው ወንድም ወይም ልጅ የያዘው ገንዘብ ለመድኃኒትና ለመሳፈሪያ ያልቅና፣ ቆሎ እየቆረጠመ በረንዳ ላይ ያድራል። ይህ ሰው በመንደሩ ድኻ ተብሎ የማይቆጠር፣ በማንኛውም የችግረኞች መዝገብ ላይም ስሙ የማይገኝ ገበሬ ሊሆን ይችላል። ክበቡ መታወቂያ ወይም የቀበሌ ደብዳቤ ሳይጠይቅ ለተሰለፈ ሁሉ በማደሉ፣ እንዲህ ያለው ሰው ሳይሳቀቅ ይበላል። ሰበብ ፈልጎ የሚመጣ ሰው የለም ወይ ለሚለኝ፣ ሁለት ጭልፋ ሽሮ ለመብላት በፀሐይ የሚቆም ሰው እርቦታል እላለሁ።

የቆሎ ተማሪዎቹ ነገር ግን አልተሟላም። በከተማዋና በዘጌ አካባቢ ባሉ ጉባኤ ቤቶች የሚማሩት ልጆች «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በየደጁ የሚለምኑት የትምህርታቸው ሥርዓት አካል ነው፤ ውሻ እየተከላከሉ አኮፋዳቸውን ይዘው የሚዞሩት ግን የከተማው ሰው የሚያካፍለው እንጀራ ባነሰበት በዚህ ዘመን ነው። ወደ ድንኳኑ ለመምጣት ያፍራሉ፤ ሰዓቱም ከትምህርታቸው ጋር አይስማማም። ክበቡ የኔታን አነጋግሮ በሶና ቆሎ ወደ ጉባኤ ቤቱ ቢልክ፣ በትንሽ ወጪ ብዙ ልጆችን ይደርሳል።

አቀራረቡን በተመለከተ፣ በሥራ ቀኖቹ የማየው ሥነ ሥርዓት ደስ ያሰኘኛል፤ እጅ መታጠቢያ ውኃ በቧንቧ በርሜል ተዘጋጅቷል፣ ሳሙና አለ፣ አዛውንቶችና ነፍሰ ጡሮች ቅድሚያ ያገኛሉ፣ አዳዮቹም «ይጨመርልዎት?» ብለው ይጠይቃሉ። በበዓላት ሰሞን ግን ይህ ሁሉ ይለወጣል። ካሜራ ይመጣል፣ የክበቡ ዓርማ ያለበት ጨርቅ ይሰቀላል፣ የክብር እንግዳው ጭልፋ ይዞ እስኪቆም ድረስ ወጡ ይቀዘቅዛል። አንድ አባወራ ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ ሲበላ ካየሁ በኋላ ለሊቀ መንበሩ ተናግሬያለሁ፤ ለጋሾች ማስረጃ ይፈልጋሉ አሉኝ። ማስረጃ የሚሆነው የእህል ደረሰኝና የክፍያ መዝገብ ነው። እዚህ ላይ ክበቡን ላመስግነው፤ የየወሩ ገቢና ወጪ በድንኳኑ መግቢያ ላይ በሰሌዳ ይለጠፋል፤ ማንም ቆሞ ማንበብ ይችላል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ በሰሌዳው ላይ ያየሁት ወጪ ሁሉ ለማለት ይቻላል እህል፣ ዘይት፣ ማገዶና ትራንስፖርት ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጉድለት ልምጣ። ምሳው ሰኔ መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ የሚጀመረውም መስከረም ከጠባ በኋላ ነው። ምክንያቶቹ ለሰሚው የሚያሳምኑ ናቸው። አዳዮቹ በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በመሆናቸው ለክረምት ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ ሜዳው ይጨቀያል፤ እንጨቱ ይርሳል፤ ገንዘቡም ለፋሲካ በሬ ወጥቶ አልቋል። ነገር ግን ረሃብ በዚህች አገር የታወቀ ወቅት አለው። ገበሬው ጎተራውን የሚጠርገው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ የጤፍ ዋጋ የሚሰቀለው በዚያው ሰሞን ነው፤ የግንባታ ሥራ በዝናብ ስለሚቀዘቅዝ የቀን ሠራተኛው ያለ ገቢ የሚውለው ያኔ ነው፤ ወባውና ተቅማጡም የሚበረቱት ክረምቱን ይዘው፣ ክረምቱንም ተከትለው ነው። በአንጻሩ በገናና በፋሲካ ሰንበቴውም፣ መሥሪያ ቤቱም፣ ባንኩም፣ ሌሎች ክበቦችም በአንድ ቀን ማዕድ ሲያጋሩ፣ አንዱ ነዳይ ከሦስት ቦታ ይጠራል። የክበቡ አቆጣጠር የሰጪውን ደስታ እንጂ የተራበውን ሰው ወራት አይከተልም፤ ምርጥ የሚባል ምሳ ቢሆንም፣ በዚህ ምክንያት ሙሉ ምስጋና ልሰጠው አልቻልሁም።

ይህ የገንዘብ ማነስ ነው ብዬ አላምንም፤ የግዥ ጊዜ ጉዳይ ነው። አዲሱ እህል ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ገበያውን ሲሞላ ዋጋው ይወርዳል። ክበቡ ግን በየሳምንቱ ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይገዛል፤ ስለዚህ ዋጋው ሲወጣ አብሮ ይወጣል። የክረምቱን ሽምብራ፣ በቆሎና ዳጉሳ በጥር ገዝቶ ማስቀመጥ ቢጀምር፣ ያው ገንዘብ ብዙ ሰው ያበላል። «ነቀዝ ይጨርሰዋል» የሚለውን ስጋት አውቀዋለሁ፤ በተለይ በቆሎ ላይ እውነት ነው። ለዚህም ባለ ሦስት ሽፋን፣ አየር የማያስገባ የእህል ከረጢት አለ፤ በደንብ የደረቀ እህል ገብቶበት አፉ ከታሰረ፣ ውስጥ የቀረው ነቀዝ አየር አጥሮት ይሞታል፤ መርዝም አያስፈልግም። ቦታ የለንም እንዳይባል ደግሞ የእድሩ መጋዘን አለ። በድንኳን ማብላት በዝናብ የማይመች ከሆነ፣ በሁለቱ የክረምት ወራት ምሳውን ትቶ የተፈጨ ሽሮ፣ በሶና የበቆሎ ዱቄት በስፍር ማደል ይቻላል፤ ለዚያ ብዙ አዳይ አያስፈልግም፤ የእድሩ ሴቶች ይበቃሉ።

ስለ ወርኃዊው ስንቅ የምለው አጭር ነው። ዱቄቱ፣ ዘይቱና ጨው በሰዓቱ ይደርሳል፤ የሚያደርሱት ወጣቶችም ቤት ድረስ ገብተው የአዛውንቱን ሁኔታ ያያሉ። ግን ከሁለት ዓመት በታች ሕፃን ባለበት ቤት ዱቄት ጥሎ መውጣት አይበቃም። ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆነ ልጅ የክንዱ መሐል ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ በብርቱ ተጎድቷል፤ የሚያስፈልገው ሽሮ ሳይሆን የጤና ጣቢያ ሕክምና ነው። ይህንን የሚለካ ባለ ቀለም ጥብጣብ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እጅ አለ፤ አለካኩን ለመማርም ረጅም ጊዜ አይወስድም። በክበቡ ውስጥ ሐኪሞችና ነርሶች አባላት ሆነው ሳለ ስንቅ አዳዮቹ ይህን ጥብጣብ አለመያዛቸው ሊስተካከል የሚገባው ነገር ነው።

እንግዲህ መዋጮ ለመስጠት ለሚያስብ ሰው የምመክረው፣ ገንዘቡን በበዓል ሰሞን ይዞ ከመሄድ ይልቅ በጥር እንዲሰጥ ነው። ልብስና የተረፈ የሠርግ ምግብ የሚያመጡ ሰዎችም አሉ፤ የሠርጉ ምግብ ሥጋ ስላለበትና ሙቀት ላይ ስለሚውል ክበቡ መመለሱ ትክክል ነው። ጉልበቱን መስጠት የሚፈልግ ሰው ቅዳሜ ሳይሆን ረቡዕ ቢመጣ ይሻላል፤ ቅዳሜ አዳዩ ከበላተኛው ይበዛል፣ ረቡዕ ግን ሳህን የሚያጥብ ሰው ይጠፋል። ለሚከፈለው ገንዘብ ደረሰኝ ይሰጣል፤ ምክንያቱ በሚጻፍበት መስመር ላይ «ለክረምት እህል» ተብሎ እንዲጻፍ መጠየቅ ይቻላል። የመጨረሻውን መዋጮዬን እንዲሁ አስጽፌዋለሁ፤ ገንዘብ ያዡም ያለ ክርክር ጽፎልኛል፤ ገንዘቡ እስከ ሐምሌ ተለይቶ መቀመጡን ደግሞ በሰሌዳው ላይ እከታተላለሁ።